አማቼ የሠራት ቤት መኪና ማንኩሳ ላይ ለምን ጨለመች

ፍኖተ ሰላም፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሰው ሲነጋ ከቤቱ ይወጣል። እኔ ዛሬ ከቤቴ ወጥቼ ሌላ ቤት ገባሁ፣ ያውም ጎማ ያለው ቤት።

አማቼ ዮናስ፣ የትልቋ ልጄ ባል፣ አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ነው። አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገዛና ወንበሩን ሁሉ ነቅሎ ጣለው። በቦታው አልጋ፣ የእቃ ማጠቢያ፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ደረደረበት። ለምን ስለው «እማዬ፣ ሰው እየዞረ ተፈጥሮን እንዲያይበት ነው» ይለኛል። እኛ ዕድሜ ልካችንን ተፈጥሮ ውስጥ ቁጭ ብለን ማንም ሊያየን አልመጣም። አሁን አልጋ ላይ ጋደም ብሎ በመስኮት ሊያየን ነው።

የምንሄደው ወደ ታናሽ እህቴ ወደ ብርቄ ነው። ብርቄ ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ትኖራለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ኑሮዋ በዶሮ ነው። ዘንድሮ ታዲያ ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር ፈንግል ገባ። ፈንግልን የማያውቅ የከተማ ሰው ካለ ልንገረው፤ ማታ ደህና ሆና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት ከቆጡ ሥር ተዘርራ ትገኛለች። አንድ ግቢ ከገባ ቢበዛ አንዲት ቢያስቀር ነው። ክትባት አለው። ክትባቱ ግን ከሞቀ እንደ ተራ ውሃ ነው።

የብርቄ ቀበሌ የእንስሳት ሐኪም ሰላማዊት የምትባል ልጅ ናት። ትናንት ደወለችልኝ።

«እማማ፣ ክትባቱ ፍኖተ ሰላም ደርሶልኛል፤ የሚያመጣልኝ አጣሁ። ወይዘሮ ብርቄ የእርስዎ አማች ፍሪጅ ያለው መኪና አለው አሉኝ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፤ ፍሪጅ ብቻ አይደለም፣ ሽንት ቤትም አለው» አልኋት።

«ነገ ዶሮዎቹ ቆጥ ሲገቡ መከተብ አለብን። ከነገ ወዲያ ገበያ ነው፣ ከማዶ ዶሮ ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ብከትብም ጥቅም የለው።»

እንግዲህ ጉዟችን ለዚህ ነው። ዮናስ የክትባቱን ካርቶን ፍሪጁ ውስጥ አስገብቶ በሩ ላይ የምትበራ ቁጥር አሳየኝ። «ይህች ከስምንት እንዳታልፍ እያዩ ይንገሩኝ» አለኝ። አምስት ትላለች። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህንንም እኔ ስናገር የልጅ ልጄ ናት የምትጽፈው። ቁጥር ግን ስልክ አስተምሮኛል።

እሱ ሞተር ሲያሞቅ እኔም የራሴን ጉዳይ ጨረስሁ። ከጓሮዬ የለቀምሁት በርበሬ ገና አልደረቀም፤ ተከምሮ ከዋለ ይሻግታል። ከመኪናዋ ጀርባ መሰላል አለ። ይህ ጉልበቴ ቤተ ክርስቲያን ስግደት ላይ እንጂ መሰላል ላይ አያስቸግረኝም። ወጣሁ። ጣሪያው ላይ ሁለት ሰፋፊ ጥቁር መስታወት ተዘርግቷል። ሶላር መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ጎረቤቴም ትንሽዬ አላት። ደግሞ ፍርድ አዋቂ ነኝ፣ ሁለቱንም አልያዝሁበትም። አንደኛውን ለበርበሬዬ፣ ሌላኛውን ለዮናስ። ፀሐይ ለሁለት ሰው የማትበቃ ሆና አታውቅም። ነፋስ እንዳይወስድብኝ በሽንኩርት ጆንያ መረብ ሸፍኜ ከፖርቶ መጋላው ጋር ጥርቅም አድርጌ አሰርሁና ወረድሁ።

ማንኩሳ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ማንኩሳ ልንገባ ስንል ፍሪጁ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ የጣሪያው መብራት ፈዘዘ። ቀጥሎ ሁሉም ጠፋ። ሞተሩ ግን ይሠራል።

«መኪናዋ እየሄደች እንዴት ይጠፋል?» አልሁት።

«የሞተሩ ባትሪ ሌላ፣ የቤቱ ባትሪ ሌላ ነው፣ እማዬ። አይገናኙም።»

«ሁለት ሆድ ያላት መኪና ነዋ የሠራኸው። አንዱ ሲጠግብ አንዱ የሚራብ።»

መንገድ ዳር አቆመና ሁለት መርፌ ያለው መለኪያ አወጣ። አልጋውን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ባትሪ በቀይና በጥቁሩ ወጋ ወጋ አደረገው።

«አሥራ አንድ ቮልት ነው የሚለው» አለ። ላብ ጀምሮታል።

«ስንት ማለት ነበረበት?»

«ቢያንስ አሥራ ሁለት ተኩል።»

«ታዲያ ለአንድ ተኩል ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጥ?»

አልሳቀም። ትናንት ያየነውን ድራማ አነሣ። ቴሌቪዥኑ ባትሪውን ጠጥቶታል፣ ግን አሁን ፀሐይ ወጥታለች፣ መሙላት ነበረበት፣ አይሞላም፣ ለምን አይሞላም። ይህን ለራሱ ነው የሚለው። ከዚያ ስልኩን ከፍቶ አንድ ፈረንጅ ሲያስተምር ማየት ጀመረ። ፈረንጁ ንጹሕ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ይስቃል።

«ምን ይላል?»

«በመጀመሪያ አትደናገጡ ይላል።»

«እሱማ ምን ያስደነግጠዋል፣ ቤቱ ነው ያለው።»

ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጣ ወደ ፀሐይ እያነሣ አየ። ሁሉም ደህና ናቸው። በየመሐሉ ደግሞ «ቀዝቅዞ ይሆን?» እያለ ፍሪጁን ይከፍታል። መቀዝቀዙን ለማየት በከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ወጥቶ ይሄዳል። ቁጥሯ የራሷ ትንሽ ባትሪ ስላላት አልጠፋችም፤ ስድስት አለች። «እጅህን ከዚያ በር ላይ አንሣ» አልሁት። አራት ጊዜ ካልሁት በኋላ አነሣ።

ጎማ የሚለጥፈው በላይነህ ሳይጠራ መጣ። በዚህ መንገድ ላይ ጎማ የሚለጥፍ ሰው ኤሌክትሪኩንም፣ ቧንቧውንም፣ ጥርሱንም ያውቃል። ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ አልጋው ሥር ገባ። የባትሪውን ሁለት ጆሮ በሙቅ ውሃ አጠበ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ መልሶ አጠበቀ።

«አሁንስ?» አለው ዮናስ።

«አሁን ንጹሕ ሆኗል» አለ በላይነህ።

«ይሠራል ወይ?»

«አይሠራም። ባትሪው ሞቷል። ንጹሕ ሆኖ ነው የሞተው።»

በዚህ መሐል የማንኩሳ ሴቶች ወደ ገበያ ሲያልፉ በሩ ክፍት መሆኑን አዩና ተራ በተራ እየገቡ ጎበኙን። እንሥራ ያዘለች አንዲት ሴት አልጋውን ዳበሰች፣ የእቃ ማጠቢያውን አየች፣ ከአጠገቡ ያለውን ትንሽ በር ገፋ አድርጋ አጮለቀች።

«እማማ፣ ይህ ሽንት ቤት ነው?»

«ነው።»

«ምግቡስ የት ነው የሚሠራ?»

«ከአጠገቡ።»

«እኛ እንኳ በድህነታችን አጥር ጥግ ነው የምንቆፍር» አለችና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወረደች። ዮናስ «ዘመናዊ ነው፣ አይሸትም» እያለ ከኋላዋ ሊያስረዳ ሞከረ። ዞራም አላየችው።

ቁጥሯ ሰባት አለች። ያኔ ሳቄ ቀነሰ።

ቡሬ፣ አምስት ሰዓት ተኩል

ከማንኩሳ ከመነሣታችን በፊት ዮናስ፣ ባትሪው ትንሽ ይሙላ ብሎ፣ ያለውን ማብሪያ ሁሉ ዘጋ። የስልኬን ቻርጅ ሳይቀር ነቀለው። «የእርስዎም ስልክ ይስባል» አለኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ይህን ሁሉ ቤት ተሸክሞ የሚሄድ ሰው እኔን በስልክ ያማኛል።

ቡሬ የጭነት መኪና አገር ናት፤ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው አይጠፋባትም። ከጠዋት ጀምሮ መብራት እንደሌለ ነገሩን። ስለዚህ ፍሪጁን ከሰው ግድግዳ ላይ ሰክተን የምንገላገልበት መንገድም የለም። አያ ደምሴ ወደሚባሉ ሽማግሌ ላኩን። መነጽራቸው በክር የታሰረ ነው። መሣሪያቸው አንድ ትንሽ አምፑል፣ ሁለት ሽቦ፣ በቃ። ዮናስ ባትሪ፣ ኢንቨርተር፣ ኮንትሮለር እያለ ሁሉን ዘረዘረላቸው። ምንም ሳይነኩ ሰምተው ጨረሱና፦

«ይህ ቤት የሚበላው ከየት ነው?» አሉ።

«ከፀሐይ።»

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «ፀሐይ አለች» አሉ። «እንግዲያው መንገዱን ነው የምናይ።»

ከጣሪያ የሚወርደውን ሽቦ ፈትተው አምፑላቸውን አገናኙ። አምፑሉ አልበራም። ሽቦውን አለዋወጡ፣ ማሳ የሚሉትን መመለሻ ሽቦ ፈትሸው ከመኪናዋ ብረት ጋር ደህና መያያዙን አዩ። አምፑሉ አሁንም አልበራም።

«ከላይ ምንም አይወርድም» አሉ። «ከላይ ምን አለ?»

እኔ ያኔ ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርሁ።

«ሁለት ሶላር ብቻ ነው፣ አዲስ ናቸው፣ እኔ ነኝ የገጠምኋቸው» አለ ዮናስ። ሽማግሌው መሰላሉን ወጡ። ላይ ደርሰው አዩ፣ መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው አዩ። መንገድ የሚያልፉ ሁለት ሹፌሮች ሳይቀሩ ቆመው ቀና አሉ።

«አቶ ዮናስ» አሉ ከላይ፣ «ይህን የገጠምኸው በርበሬ ነው?»

ዮናስ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አማት አክባሪ ነው፣ እንደ ሌላው ቢሆን ይጮህ ነበር። «እማዬ» አለ ብቻ።

«አንዱን ትቼልሃለሁ» አልሁት። «ውጣና እይ፤ ግማሽ ለግማሽ ነው።»

አያ ደምሴ መረቡን እየፈቱ ከላይ አነጋገሩኝ። «እሜቴ፣ ጥማድ በሬ አንዱ ቢተኛ ሌላው ብቻውን ያርሳል?»

«ምን በወጣው።»

«እነዚህም በአንድ ሽቦ የተጠመዱ ናቸው። በርበሬው ሥር ያለው ሲተኛ ደህነኛው አብሮት ቆመ። ስለዚህ ግማሽ አይደለም የወሰዱበት፣ ሁሉን ነው።»

መሰላሉን ይዤ ቀና አልሁ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ፤ «ለየብቻ መጥመድ አይቻልም ነበር? አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲሠራ?»

«ይቻል ነበር» አሉ። «ልጁ ቢያስብበት ይሻል ነበር።»

«ይኸው» አልሁት ዮናስን። እንደዚያች ደቂቃ ደስ ያለኝ የለም። ዮናስ ፍሪጁን ነው የሚያየው። ቁጥሯ ስምንት ሆናለች።

ደስታዬ እዚያው ሞተ።

አያ ደምሴ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉት። አምፑላቸው ቦግ አለ። ባትሪው ግን ባዶ ነው፤ ፍሪጁን እስኪያስነሣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሆን ይችላል አሉ። «ከሞተሩ ባትሪ በሽቦ ብንስብስ?» አለ ዮናስ። «ያለኝ ሽቦ ቀጭን ነው፤ ይህን ሁሉ ሲጎትት ይነድና ቤትህን ያቃጥለዋል» አሉት። ወፍራም ሽቦ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ብንዞር ደግሞ ዶሮ ቆጥ ትገባለች።

መንገዱን ተሻግሬ ቢራ ቤት ገባሁ። መብራት ከሌለ ሰው ፍሪጅ አይከፍትም፤ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜው ውስጡ ነው። ባለቤቷ ቆጣሪው ላይ ክንዷን አስደግፋ ቆማለች።

«የቀዘቀዘ ውሃ አለሽ፣ ልጄ?»

«ውሃው አልቋል እማማ። ቢራ ነው የቀረ።»

«እንግዲያው ቢራ አውጪልኝ። ስምንት። ከታች ከታች ያለውን፣ እጅ የሚያደነዝዘውን።»

ጥግ የተቀመጠ ሰውዬ ሣቅ አለ። «እማማ፣ ምን ድግስ ነው?»

«ለዶሮ ነው» አልሁት።

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እስክወጣ ድረስ አልነካውም።

የክትባቱን ካርቶን በፌስታል ጠቅልለን ባልዲ ውስጥ በስምንቱ ጠርሙስ መሐል ከተትነው። ላዩን በጋቢዬ ጠመጠምሁት። ብርድ የሚከለክል ጋቢ ብርድም ይዞ ያቆያል፤ ይህን ማንም ፈረንጅ አልነገረኝም። አያ ደምሴ በርበሬዬን በጆንያ አድርገው አቀበሉኝ። «ብርቱ በርበሬ ነው» አሉኝ፤ «አንድ መኪና አቆመ።»

የብርቄ መንገድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ከቡሬ ወጥተን ወደ ገጠር ታጠፍን። አስፋልቱ ቀረና ቀይ አፈሩ ጀመረ። ግራና ቀኝ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ መንገዱን ተከትሎ ቆሟል፤ ሽቦ ግን የለበትም። ከተተከለ ቆይቷል፤ ጭልፊት ያርፍበታል።

ባልዲውን በጉልበቶቼ መሐል ይዣለሁ። የፍሪጁ ቁጥር አሁን አይጠቅመኝም፤ በየጊዜው እጄን በጋቢው ሥር እያሾለክሁ ጠርሙስ እነካለሁ። ገና ይቀዘቅዛል። ከድልድዩ በኋላ ብነካ ያን ያህል አይደለም። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጠርሙሶቹ ይንኳኳሉ። አንድ ቄስ በበቅሎ ሲያልፉን ድምፁን ሰምተው በመስኮት አዩኝ። ባልዲ ሙሉ ቢራ ያቀፈች አሮጊት አዩ። እጅ ነሣሁ፤ እሳቸውም በዝምታ ባረኩኝ።

ዮናስ መሪውን ይዞ ጉድጓድ ሲሸሽ ቆየ። በመጨረሻ፦

«እማዬ፣ ሰላማዊት ከጠየቀች ባትሪው አርጅቶ ነው እንላለን። የበርበሬውን ነገር እኔ አላነሣውም።»

ጠዋቱን ሙሉ በመለኪያው፣ በፈረንጁ፣ በሽንት ቤቱ ስቄበታለሁ። አሁን እሱ የእኔን ገበና ሊሸፍን ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም ነበርና። ብርቄን ታውቋት እንደሆን፣ ሳትናገር የተወችልኝ ስህተት የለም። የሃምሳ ዓመት ነገር ሠርግ ላይ የምታነሣ ሴት ናት። «ደግ ነው፣ ባትሪው ይሁን» አልሁ።

ብርቄ ግቢ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ግቢው በሴት ሞልቶ ጠበቀን። እያንዳንዷ ዶሮ አላት፣ እያንዳንዷ ተራዋን ትጠብቃለች። ብርቄ ሳመችኝና ባልዲውን ከፈተች።

«እታለም፣ ክትባት አምጪ ተባልሽ እንጂ ማኅበር አውጪ ማን አለሽ?»

ሰላማዊት አልሳቀችም። ቀጭን ልጅ ናት፣ ጭቃ የደረቀበት ቦቲ ጫማ አድርጋለች። ካርቶኑን አወጣች፣ የራሷን የሙቀት መለኪያ ከብልቃጡ ጋር አስጠጋች።

«ፍሪጁ ጠፍቶ ነበር?»

«ባትሪው ትንሽ ደከም ብሎ ነበር» አለ ዮናስ።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

ዮናስ ጫማውን አየ። እሱ ሽቦ ሲያይ ነው የዋለው፤ ቁጥሯን ያየኋት እኔ ነኝ።

«ሞቆ ከሆነ አልከትብም» አለች ሰላማዊት። «ዓይናቸው ላይ ውሃ ጠብ አድርጌላቸው ተከትበዋል ብላችሁ ነገ ከገበያ ዶሮ ጋር ብትቀላቅሏቸው፣ ያኔ ነው ሁሉም የሚያልቁ። በትክክል ንገሩኝ።»

ብርቄ ዶሮዎቿን አየች። ወደ ቆጡ እየተጠጉ ነው፣ አንዷ ከሌላዋ ኋላ።

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጠፋ» አልሁ። «ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ዘጠኝ ሲል አላየሁም። ከስድስት ሰዓት ወዲህ ቢራው መሐል ነው። ባትሪው አይደለም የደከመ። እኔ ነኝ፤ ሶላሩ ላይ በርበሬ አስጥቼበት ነው።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከኋላ አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ብርቄ ብቻ አልሳቀችም፤ የሰላማዊትን ፊት ነው የምታይ። ሰላማዊት መለኪያውን ወደ ብርሃኑ አዞረች።

«ሰባት ነው» አለች። ጥቂት አሰበች። «ከስምንት ካላለፈ ይሠራል። አሁኑኑ ግን እንጀምር፤ ከተበጠበጠ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም።»

ብርቄ ያኔ ተነፈሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ምን እንደሚመጣ አውቄ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ።

«ሲጨርሱ ለአንቺም አንድ ጠብታ ይጨመርልሽ» አለችኝ። «ያን የሚያህል መስታወት ያላየ ዓይን መድኃኒት ያስፈልገዋል።»

«አይቼዋለሁ። ለሁለት ከፍዬ ነው» አልሁ። ማንም አልሰማኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። ዶሮዋ ቆጥ ላይ ስትወጣ ትያዛለች፤ ቀን ቢሆን እሷን ለመያዝ ሜዳውን መዞር ነው። አንዷ ሴት የዶሮዋን ክንፍ ይዛ ጭንቅላቷን ዘንበል ታደርጋለች፣ ሰላማዊት ዓይኗ ላይ አንድ ጠብታ ታደርጋለች። እዚህ ላይ መቸኮል የለም። ዶሮዋ ዓይኗን ጨፍና ጠብታው እስኪገባ መጠበቅ ነው፤ ቀድሞ የለቀቀ ጠብታውን መሬት ላይ ደፋው ማለት ነው። እኔ ያዥ ሆንሁ። ዮናስ በነጭ ጫማው ቆጡ ሥር ገብቶ እያወረደ ያቀብለኛል። ኩሳቸው ትከሻው ላይ ሲወርድ «ተፈጥሮን እያየህ ነው?» አልሁት። «በቅርብ ነው የማየው፣ እማዬ» አለ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ።

የጎረቤቶቹም ዶሮ በቅርጫት በቅርጫት መጣ፣ ተከትቦ ሄደ። ብርሃኑ ሊያልቅ ሲል አንዲት ቀረች፣ የብርቄ አሮጊት ነጭ ዶሮ፣ ባለፈው ፈንግል ብቻዋን የተረፈች። ብርቄ ለእኔ አልሰጠችኝም፣ ራሷ ያዘቻት። ሰላማዊት ብልቃጡን አዘነበለች፣ የመጨረሻዋን ጠብታ አደረገችላት። ዶሮዋ ዓይኗን አፍጥጣ አየችን። ጠብታው ዓይኗ ላይ ቆሞ ያብረቀርቃል። ብርቄ አትተነፍስም፣ ዮናስ አይተነፍስም፣ እኔም አፌን ይዣለሁ።

ጨፈነች።